ማሽን ይግባለት ወይስ ይቆይ? ሳንባ ድንገት ሲከዳ ቤተሰብ የሚጠየቃቸው ምርጫዎች

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። ሐኪሙ በጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ለማገናኘት የሚፈረመውን የፈቃድ ወረቀት ይዞ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ልጅየው እስክሪብቶውን ተቀብሏል፣ ግን አልፈረመም፤ አክስቱን ያያል። አክስትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ሲስተር፣ ማሽን የገባ ሰው ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እባካችሁ በኦክስጅኑ ይቆይልን» አሉኝ። የአባትየው ትንፋሽ ከውስጥ እስከ በሩ ይሰማል። በደቂቃ 38 ጊዜ ቆጥሬ ነበር የወጣሁት።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ስሠራ ይህን ሌሊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቤተሰብ የሚፈርመው ወይም የሚከለክለው ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ደንግጦ፣ ቆሞ ነው። ያ ሰዓት ሳይመጣ አንድ ሰው እንኳ ተረጋግቶ ቢያነበው ብዬ ይህን ጻፍኩ። የሕክምናው ውሳኔ የሐኪሙ ነው። እያንዳንዱ አማራጭ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ ግን የቤተሰብም ድርሻ ነው።

ሕመሙ ራሱ

ሐኪሞች ኤአርዲኤስ ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር አጣዳፊ የሳንባ መድከም ብንለው ያስኬዳል። የራሱ ጀርም የለውም። ሳንባ ምች፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ወደ ሳንባ የገባ ትውከት፣ የመኪና አደጋ፣ የቆሽት መቆጣት፣ የበረታ ወባ፣ ኮቪድ፣ ሁሉም ሊያመጡት ይችላሉ። መነሻው ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው። የሳንባን የአየር ከረጢቶች ከደም ሥሮች የሚለየው ስስ ግድግዳ ይቆጣና ማፍሰስ ይጀምራል። አየር መያዝ የሚገባቸው ከረጢቶች ፕሮቲን ባዘለ ፈሳሽ ይሞላሉ። ሳንባው ይከብዳል፣ ይገተራል፤ ኦክስጅን ቢሰጠውም ወደ ደም ማሳለፍ ያቅተዋል።

በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የነበሩ ሐኪሞች 12 ሕሙማንን አንድ ላይ አድርገው ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጹ የገረማቸው ይኸው ነበር። አንዱ በአደጋ፣ ሌላው በቫይረስ፣ ሌላው በቆሽት ሕመም መጥቶ ሳንባቸው ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አጥብቀው ይያዙልኝ። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው መሣሪያዎች አንዳቸውም ሕመሙን አያድኑም። ሥራቸው ሰውነት ራሱን እስኪጠግንና የመነሻው ሕመም መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ ሕመምተኛውን ማቆየት ነው። ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ ሲመረጥ «መነሻውስ ምንድን ነው? ለእሱ ምን ተጀመረ?» ብለው ይጠይቁ። ወባው ሳይታከም፣ መግሉ ሳይወጣ የሚሰጥ ኦክስጅን ቀዳዳ እንስራ ላይ ውኃ መሙላት ነው።

የክብደቱ ደረጃ የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን መጠን በማካፈል ነው። ለምሳሌ 60 በመቶ ኦክስጅን እየተሰጠው በደሙ ያለው የኦክስጅን ግፊት 72 ከሆነ፣ 72ን ለ0.6 ስናካፍል 120 ይመጣል። በ2012 በወጣው የበርሊን መለኪያ ከ200 እስከ 300 ቀላል፣ ከ100 እስከ 200 መካከለኛ፣ ከ100 በታች ከባድ ይባላል። ይህ ምርመራ ከደም ቅዳ ሥር ናሙና ይፈልጋል፤ የደም መመርመሪያው ማሽን የሌለበት ሆስፒታል ብዙ ነው። በ2016 በሩዋንዳ ኪጋሊ የሠሩ ሐኪሞች የደሙን ምርመራ ጣት ላይ በሚሰካ መለኪያ፣ የደረት ራጅን በአልትራሳውንድ መተካት እንደሚቻል አሳዩ። በ2023 የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ መለኪያም ይህንኑ ተቀበለ። ስለዚህ «እዚህ መሣሪያ ስለሌለ ሕመሙን ማወቅ አንችልም» የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ጣት ላይ ያለው ቁጥር

ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ደሙ የያዘውን ኦክስጅን በመቶኛ ያሳያል፤ ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን የሚተክለው እዚያች ቁጥር ላይ ነው። ሦስት ነገር ልንገርዎ። አንደኛ፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሰውም 94 ወይም 95 ሊያነብ ይችላል፤ በቆላ ከሚኖር ሰው ጋር አያነጻጽሩ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ግን ኦክስጅን ያነሰው ሰዎች በጥቁሮች ዘንድ በነጮች ዘንድ ከታየው ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። በውጭ አገር ሆስፒታል ወገን የተኛብዎም ቢሆን ይህን ለሐኪሙ ማንሳት ተገቢ ነው። የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣትም ያሳስታሉ። ሦስተኛ፣ ግቡ 100 ማድረስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ ያስቀመጠው ግብ ለአዋቂ 90 እና ከዚያ በላይ፣ ለነፍሰ ጡር ከ92 እስከ 95 ነው።

ከቁጥሩ በላይ የማምነው ሰውየውን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርሳል? የአንገቱ ጅማት ይሳባል? በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? ቁጥሩ 92 ሆኖ በደቂቃ 40 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ደህና አይደለም። እየደከመ ነው።

ቀላሎቹ የኦክስጅን መንገዶች

አፍንጫ ላይ የሚገባው ሹካ መሰል ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሊትር ይሰጣል፤ ሰውየው የሚስበውን አየር እስከ 40 በመቶ ኦክስጅን ያደርሰዋል። ይበላል፣ ያወራል፣ አይጨንቅም። ተራው ጭንብል ከ6 እስከ 10 ሊትር ይፈልጋል። ከ5 በታች ከተለቀቀ ሕመምተኛው የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል፤ ስለዚህ ኦክስጅን ለመቆጠብ ብሎ ጭንብል አድርጎ 3 ሊትር መልቀቅ ጉዳት ነው፣ ያኔ የአፍንጫው ይሻላል። ከረጢት ያለው ጭንብል ከ10 እስከ 15 ሊትር ይወስዳል፤ ከቀላሎቹ ሁሉ ብዙ ኦክስጅን የሚያደርሰው እሱ ነው። ሲስብ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ከተጨማደደ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነውና ነርሷን ይጥሩ። ይህን ማንም አስታማሚ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ምርጫው ከኦክስጅኑ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። ኮንሰንትሬተር የሚባለው በመብራት የሚሠራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ሊትር ነው የሚያወጣው። ባለከረጢቱን ጭንብል ባለ5 ሊትር ኮንሰንትሬተር ላይ መሰካት ስም ብቻ ነው። 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በ5 ሊትር ከሄደ 20 ሰዓት ያቆያል፣ በ15 ሊትር ግን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተከፈተ ሲሊንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ቀያሪው ማን እንደሆነ ማታውኑ ይጠይቁ።

በኃይል የሚነፍሰውና ግፊት የሚሰጠው

ከጭንብሉ ቀጥሎ፣ ከቱቦው በፊት፣ ሁለት አማራጮች አሉ። ሃይ ፍሎው የሚባለው ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር በአፍንጫ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ይነፍሳል። ሲፓፕ ደግሞ አፍንጫና አፍን ግጥም አድርጎ በሚይዝ ጭንብል ያለማቋረጥ ግፊት እየሰጠ የተደፈኑትን ከረጢቶች ክፍት አድርጎ ይይዛል።

ለምቾት ሃይ ፍሎው ይበልጣል። ሰውየው ያወራል፣ ውኃ ይጎነጫል፣ ይተኛል። የሲፓፕን ጭንብል ግን «ታፈንኩ» ብለው የሚነቅሉት ብዙ ናቸው፤ ለሚያስመልሰውና ራሱን በደንብ ለማያውቅ ሰውም አደገኛ ነው። ጥናቶቹ ለአንዱ ብቻ አያደሉም። በ2015 በፈረንሳይና ቤልጅየም በተደረገው ጥናት ሃይ ፍሎው ቱቦ የሚያስፈልጋቸውን ቁጥር በግልጽ ባይቀንስም በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከሌሎቹ ቡድኖች ያነሱ ነበሩ። በብሪታንያ በኮቪድ ሕሙማን ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት ደግሞ ቱቦ የገባላቸው ወይም የሞቱት በሲፓፕ 36 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን 44 በመቶ ሲሆኑ ሃይ ፍሎው ከተለመደው ኦክስጅን ልዩነት አላሳየም።

እኔ ሁለቱም ባሉበት ቦታ ኦክስጅኑን አይቼ ነው የማስበው። ሃይ ፍሎው በ60 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን ቢሠራ ያንን ትልቅ ሲሊንደር በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ማእከላዊ የኦክስጅን መስመር በሌለበት ሆስፒታል ሃይ ፍሎው ማስገባት የሌሎቹን አልጋዎች ትንፋሽ መሻማት ነው። እዚያ ሲፓፕ ይሻላል። ለሕፃናት ደግሞ ቱቦውን ውኃ ውስጥ በመንከር ግፊት የሚፈጥረው ባለአረፋው ሲፓፕ በአገራችን ሆስፒታሎችም ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

ዋናው አደጋ እነዚህ መሣሪያዎች ላይ ተስፋ ጥሎ መቆየት ነው። በኮሪያ የተደረገ ጥናት፣ ሃይ ፍሎው ሳይሠራላቸው ከ48 ሰዓት በኋላ ቱቦ የገባላቸው ሰዎች ቀደም ብሎ ከገባላቸው የበለጠ መሞታቸውን አሳይቷል። ሮክስ የሚባል ቀላል ስሌት አለ፤ የጣቱን ቁጥር ለኦክስጅኑ መጠን፣ ያንን ደግሞ ለትንፋሹ ቁጥር ማካፈል ነው። ጣቱ 92፣ ኦክስጅኑ 80 በመቶ፣ ትንፋሹ 32 ቢሆን 92ን ለ0.8፣ ያንን ለ32 ስናካፍል 3.6 ገደማ ይመጣል። ሃይ ፍሎው ላይ ያለ የሳንባ ምች ሕመምተኛ ከ4.88 በላይ ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው፤ በ12ኛው ሰዓት ከ3.85 በታች ከሆነ ግን ቱቦ ወደሚያስፈልገው እየሄደ ነው።

ቱቦና ማሽን

አሁን ወደ አክስትየው ፍርሃት ልመለስ። ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ማሽን የሚገባው የጠናበት ሰው ነውና ብዙዎች ይሞታሉ፤ የሚገድላቸው ማሽኑ ይመስላል። በ50 አገሮች ተካሂዶ በ2016 የታተመው ጥናት ከኤአርዲኤስ ሕሙማን 40 በመቶዎቹ ሆስፒታል ውስጥ መሞታቸውን መዝግቧል። የሰው ኃይልና መሣሪያ ባነሰበት ቦታ ከዚህ ይበዛል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን 40 ከሞቱ 60ዎቹ በሕይወት ወጥተዋል።

ማሽኑ የሚሰጠው እረፍት ነው። ለሰዓታት ተራራ እንደሚወጣ ሰው ሲያለከልክ የቆየ ጡንቻ ያርፋል፣ ኦክስጅኑ በሚፈለገው ልክ ይገባል፣ ግፊቱ ከረጢቶቹን ክፍት ያደርጋል። የሚያስከፍለውም ብዙ ነው። ሰውየው ይደነዝዛል፣ ድምፅ አያወጣም፣ ሲነቃ ሊቃዥ ይችላል፣ በቱቦው ምክንያት ሌላ ሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል፣ ጡንቻው በየቀኑ ይሟሽሻል።

ማሽን ራሱ ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችልም በደንብ ታውቋል። በ2000 የታተመውና 861 ሕሙማን የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባቸውን ሁለት የአየር መጠኖች አወዳደረ። በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ናቸው። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተቀየረው የማሽኑ ቁጥር ብቻ ነው። ኪሎው ደግሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው አይደለም፤ ከቁመት የሚሰላ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግምና። ለዚህ ነው በዚያ ሌሊት ኪሴ ውስጥ የማትጠፋውን የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቼ አባትየውን ከተረከዝ እስከ አናት የለካኋቸው። 170 ሴንቲ ሜትር። የሚሰላው ክብደት 66 ኪሎ፣ አንዱ ትንፋሽ 400 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ልጅየው «ልብስ ልታሰፊለት ነው?» አለኝ፤ ገለጽኩለት፣ ቁጥሩንም በእጁ ጻፈው። እርስዎም «ቁመቱ ተለክቷል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም።

እንግዲህ ቱቦ ይግባ ወይስ ይቆይ ሲባል የእኔ ሚዛን ይህ ነው። ሰውየው በጭንብል ወይም በሲፓፕ ትንፋሹ እየቀነሰ፣ እየተረጋጋ ከሄደ መቆየት ትክክል ነው። በሰዓታት ውስጥ ካልተሻለው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ግራ ከተጋባ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን መቆየት የሚባል ምርጫ የለም። ያኔ የቀረው ቱቦውን ተዘጋጅቶ በማስገባትና ልቡ ከቆመ በኋላ በሩጫ በማስገባት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ቀድሞም በማይድን ሕመም የነበረ ሰው ሲሆን ግን ቱቦውን አለመፈለግም የተከበረ ውሳኔ ነው። ያኔ ጭንቀቱን የሚያቀልለት መድኃኒት እንዲሰጠው ይጠይቁ እንጂ ዝም ተብሎ አይተው።

በሆድ ማስተኛት

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። በጀርባ ስንተኛ የልብና የሳንባው ክብደት የኋላውን ክፍል ይጫነዋል። በሆድ ስንገለበጥ ያ ክፍል ይከፈታል። በአብዛኛው በፈረንሳይ በተደረገውና በ2013 በታተመው ጥናት፣ ሕመማቸው የከበደ በማሽን ላይ ያሉ ሰዎች በቀን ቢያንስ ለ16 ሰዓት ያህል በሆዳቸው ሲተኙ በ28 ቀን የሞቱት 16 በመቶ ሆኑ፤ በጀርባቸው ከቆዩት 32.8 በመቶ። ከዚህ የሚስተካከል ውጤት ያመጣ መድኃኒት ለዚህ ሕመም አላውቅም።

ማሽን ላይ ያለን ሰው ለመገልበጥ አምስት ሰው እንሆናለን። አንዱ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ብቻ ይይዛል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውም እሱ ነው። ፊቱ ያብጣል፤ ቤተሰብ ሲያይ ይደነግጣል፣ በኋላ ግን ይሟሽሻል። ማሽን ውስጥ ያልገባ፣ ራሱን የሚያውቅ ሰውም ኦክስጅኑን እንዳደረገ በሆዱ መተኛት ይችላል። በኮቪድ ጊዜ ሃይ ፍሎው ላይ በነበሩት ዘንድ ይህ ቱቦ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቁጥር ቀንሷል። አስታማሚ ትራስ በማስተካከል፣ በማበረታታት ከእኛ የበለጠ የሚረዳበት ቦታ ይህ ነው። ካልቻለ በጎኑ ይሁን።

ዴክሳና ግሉኮስ

ዴክሳሜታሶን (ዴክሳ)፣ መቆጣትን የሚያበርደው መድኃኒት፣ በ2020 የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት ማሽን ላይ በነበሩ የኮቪድ ሕሙማን ሞትን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ ርካሽም ነው። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም። ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መዋጥ ስኳር ይጨምራል፣ የሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ኮቪድ ላልሆነው ኤአርዲኤስም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፣ እንደ መነሻው እየመዘኑ።

ግሉኮስን በተመለከተ ቤተሰብን ማስቀየም ቢመስልም እናገራለሁ። «ምንም አልበላም፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» የሚል ልመና በየቀኑ ይመጣል። ሳንባው እያፈሰሰ ያለ ሰው ላይ ያለአግባብ የሚጨመር ፈሳሽ የሚሄደው ሳንባው ውስጥ ነው። በ2006 የታተመ 1,000 ሕሙማን ያሉበት ጥናት ፈሳሽ የተቆጠበላቸው ከማሽን ቶሎ መላቀቃቸውን አሳይቷል። ምግብ በአፍንጫ ቱቦ ወደ ጨጓራ ይሰጣል። የደም ግፊቱ በኢንፌክሽን የወረደበት ሰው መጀመሪያ ላይ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ እሱን ሐኪሙ ያያል።

ኤክሞና ሪፈር

ደምን ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልሰው ኤክሞ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ወገን ያላቸው የሚሰሙት ነው። በ2018 በታተመው ጥናት በ60 ቀን የሞቱት በኤክሞ 35፣ ያለእሱ 46 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን ባይባልም ተስፋ ይሰጣል። በሆድ ማስተኛት ሳይሞከር ግን ወደ እሱ አይኬድም።

ለአብዛኞቻችን ትክክለኛው ጥያቄ እዚሁ ይቆይ ወይስ ሪፈር ይባል የሚለው ነው። የተሻለ ሆስፒታል መሄድ የሚያዋጣው አልጋው በስልክ ሲረጋገጥና መንገዱን የሚያደርስ ኦክስጅን ሲኖር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ10 ሊትር ለ3 ሰዓት 1,800 ሊትር ይፈጃል፤ መንገድ ይዘጋልና እጥፉን፣ 3,600 ይያዙ። 10 ሊትር የምትይዘው ትንሿ ሲሊንደር በ150 ባር 1,500 ብቻ ናት። ይህን ሳይቆጥሩ መንገድ ላይ ያለቀባቸውን ተቀብያለሁ። የአልጋውን የቀን ሒሳብም ከመነሳት በፊት ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ልጅየው ፈረመ። ቱቦው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገባ፣ ንጋት ላይ በሆዳቸው አስተኛናቸው። በ11ኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ጉሮሯቸው ሻክሮ ስለነበር የተናገሩትን ቃል ያወቅነው ከንፈራቸውን አይተን ነው። እግራቸው ቀጥኖ፣ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሰው ደገፋቸው። ከዚህ ሕመም የሚተርፍ ሰው ሳንባው ከጡንቻው ቀድሞ ያገግማል፤ በቶሮንቶ እስከ 5 ዓመት የተከታተሉት ሐኪሞች የእርምጃ አቅማቸው ከእኩዮቻቸው እንዳነሰ ነው ያገኙት፤ ስለዚህ በየቀኑ ማራመድ እንደ መድኃኒት ይቆጠር።

አክስትየው በማግስቱ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። መዋጥ መቻላቸውን ሳናረጋግጥ አንፈቅድም ብለን ሁለት ቀን መለስናቸው። በሦስተኛው ቀን ወንድማቸውን ቀና አድርገው አስቀምጠው በማንኪያ ጀመሩላቸው።